የሽቦው መሀል የት ይውረድ

ጎባ፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለኪሩቤል፣

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይድረስህ። እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት፤ ትናንት ልብስ ስታሰጣ አይቻታለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የአማተር ሬዲዮ ፈቃዴ መጣ። ካመለከትኩ አራት ዓመት ሆኖኝ ስለነበር ወረቀቱን ያመጣልኝ ሰው የመሬት ግብር መስሎት አዝኖልኝ ነበር። አንተ በእጅህ ሠርተህ በመንገደኛ የላክሃት ሬዲዮም ደርሳለች። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጨርቅ አልብሻታለሁ።

ፈቃዱ ላይ አንድ ነገር ተጽፏል። እስከ ጥር 22 ቀን 2017 ድረስ ጣቢያው መሥራት አለበት። በዚያ ቀን ተቆጣጣሪ ይመጣል። ሬዲዮዋ ከሌላ ጣቢያ ጋር ስትነጋገር በጆሮው ካልሰማ ፈቃዱን ይዞት ይመለሳል። ሌላ አራት ዓመት ለመጠበቅ ደግሞ ከጉልበቴ ጋር አልተስማማሁም። ሠላሳ ዓመት ስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጬ ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬአለሁ። አንድም ቀን ለራሴ አላገናኘሁም። ይህቺ የመጨረሻዬ ናት።

ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንቴናው ሽቦ ነው ብለኸኛል። ስንት ሜትር?

ለምን አትደውልልኝም እንዳትለኝ። ስልክ ሁለት ሰው የሚነጋገርበት ነገር ይመስልሃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሦስተኛው ሰው እኔ ነበርኩ።

አጎትህ ኃይለየሱስ

*

ቡዳፔስት፣ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ኃይለየሱስ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን መድኃኔ ዓለም ይማርልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም አሳንሰር እጠግናለሁ። ትናንት አንዲት አሮጊት ከነውሻቸው ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሀል ቆመውብኝ ነበር፤ ውሻው እስካሁን አልታረቀኝም።

እንኳን ደስ አለዎት። ሒሳቡ ቀላል ነው። 143ን ሬዲዮዋ ለምትሠራበት ፍሪኩዌንሲ ያካፍላሉ፤ የሚወጣው የሽቦው ርዝመት በሜትር ነው። የላክሁልዎት ሬዲዮ የምትሠራው 7 ነጥብ 1 ሜጋኸርዝ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ እንዳትሠራ አድርጌ የሠራኋት በስስት ሳይሆን በአቅሜ ነው። 143 ለ7 ነጥብ 1 ሲካፈል 20 ሜትር ከ14 ሳንቲም ይሆናል።

ይህን ሽቦ መሀሉ ላይ ይቆርጡታል። ግራው 10 ሜትር ከ7 ሳንቲም፣ ቀኙም 10 ሜትር ከ7 ሳንቲም። ሁለቱ እንዳይነካኩ በመሀላቸው ፕላስቲክ ይግባ፤ ከጀሪካን የተቆረጠ ይበቃል። ከዚያ ከመሀሉ ተራ የዲሽ ገመድ ወደ ታች ይወርድና ሬዲዮዋ ላይ ይሰካል። ሁለቱን ጫፎች በናይለን ገመድ ከፍ አድርገው ሁለት ዛፍ ላይ ያስራሉ። ይኸው ነው። ዋናው ነገር ሁለቱ ግማሾች እኩል መሆናቸው ነው።

ቦታውም የተዘጋጀ ነው። አንዱን ጫፍ እርስዎ ግቢ ያለው ጥድ ላይ፣ ሌላውን እማዬ ግቢ ያለው ባሕር ዛፍ ላይ ያስሩታል። በአጥሩ ላይ ያልፋል። እንደሚመስለኝ በሁለቱ ዛፎች መሀል ከሃያ ሦስት ሜትር አያንስም።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ስልክ ሦስተኛ ሰው ይሰማል ብለው ፈሩ፤ ሬዲዮ እኮ ዓለም በሙሉ ይሰማዋል።

የእኅትዎ ልጅ ኪሩቤል

*

ጎባ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለኪሩቤል፣

ከዚህ ክረምት ያወጣን አምላክ አንተንም ከአሳንሰር ያውጣህ። መልሴ የዘገየው በዝናቡ ምክንያት ነው። እናትህ ደህና ናት፤ ሰሞኑን ስታስል አልሰማሁም።

ሬዲዮ ሁሉም እንደሚሰማው አስቀድሞ ይታወቃል። የሚያስፈራው የሚሰማው ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ስለ ሽቦው ግን ሃያ ሜትር በዛ። ከጥዱ እስከ አጥሩ ለክቼዋለሁ፤ ለገመዱ ሲቀነስ ዐሥራ አንድ ሜትር ነው የሚተርፈው። በመንገዱ በኩል የመብራት መስመር አለ። በጓሮ በኩል የቆርቆሮ ጣሪያ አለ። ስለዚህ ሽቦው ዐሥራ አንድ ሜትር መሆን አለበት።

ሒሳቡንም ሠርቼዋለሁ። በ143 ፋንታ 78 ብንል፣ 78 ለ7 ነጥብ 1 ሲካፈል ዐሥራ አንድ ሜትር ገደማ ይመጣል። ልክ ነው። 143 ያለው ሰው ማነው? ከየት አመጣው? ብትጠይቀው ዝቅ ሊል ይችላል። መጀመሪያ የተጠራ ቁጥር ላይ የሚረጋ ሰው አይቼ አላውቅም።

የዛፉ ነገር ለጊዜው ይቆይ።

አጎትህ ኃይለየሱስ

*

ቡዳፔስት፣ መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለየሱስ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎት። ለመስቀሉም እንኳን አደረሰዎት።

143 የገበያ ዋጋ አይደለም፣ ቅናሽ የለውም። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ ሦስት መቶ ሚሊዮን ሜትር ይሄዳል። የሬዲዮ ማዕበልም እንዲሁ። የእኛ ሽቦ የማዕበሉን ግማሽ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ 150 ይሆናል። ሽቦ ላይ ሲሄድ ደግሞ ትንሽ ስለሚዘገይ 143 ገደማ ላይ ያርፋል። እንግዲህ ዝቅ በል የሚባለው ብርሃን ነው። አድራሻውን ካገኙት ይጻፉለት።

በዐሥራ አንድ ሜትር ሽቦ ይቺ ሬዲዮ አትናገርም። ብትናገርም ኃይሉ ወደ ራሷ ይመለስና ያቃጥላታል፤ ሌላ ለመሥራት ደግሞ አንድ ዓመት ይፈጅብኛል። በግድ ከሆነ የሽቦውን ጫፎች ወደ መሬት ማንጠልጠል ይቻል ነበር። ነገር ግን ሲናገሩበት ጫፉ የነካውን ያቃጥላል። ፍየሎችዎ አሁንም አሉ?

ባሕር ዛፉ ምን ሆነ? ተቆረጠ? ባለፈው እሁድ ስደውል እማዬን ጠይቄአት ነበር።

«እማዬ፣ የጋሼ ሽቦ ዛፍሽ ላይ ሊታሰር ነው አሉ?»

«መስመሩ አይሰማም» አለችኝ።

መስመሩ ጥሩ ነበር። ዶሮዋ ስትጮህ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎም በየደብዳቤው ስለ እማዬ የሚጽፉልኝ በመነጽር እንደሚያያት ሰው ነው። ልብስ ስታሰጣ አይቻታለሁ፤ ስታስል አልሰማሁም። ምን ሆናችሁ?

ኪሩቤል

*

ጎባ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኪሩቤል፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ፍየሎቹ አሉ።

ከእናትህ ጋር አንነጋገርም። አጥሩ ከታደሰ ወዲህ ነው፤ አንተ በሄድክ በዓመቱ። ያሳደስኩት እኔ ነኝ። «ወደ እኔ ገፍተህ አንድ ክንድ ወስደሃል» አለችኝ። አልወሰድኩም አልኳት። ወሰኑ አባባ የተከለው የኮሶ ዛፍ ነው አለች። ኮሶው ወድቆ ጉቶ ነው የቀረው፤ ጉቶው በእኔ ግቢ ውስጥ ነው፤ በእኔ ግቢ ውስጥ ያለ ጉቶ የእኔ ነው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስቱንም ጊዜ በልተው ሄዱ።

ለአንተ ያልነገርኩህ እሷ ትንገረው ብዬ ነው። እሷም እኔ እንድነግርህ ጠብቃ ይሆናል። ባንነጋገርም በዚህ ተስማምተናል።

ጥር ቅርብ ነው። ጥዱ አለ፣ ሽቦ ይገዛል፣ ሬዲዮዋ አለች። የጎደለው ባሕር ዛፉ ብቻ ነው። ስለዚህ አንተ ጠይቅልኝ። ለእኔ እንደሆነ ሳትነግራት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ግን ሌላ ሬዲዮ ያለው ሰው እዚህ ሰፈር የለም።

አጎትህ ኃይለየሱስ

*

ቡዳፔስት፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለየሱስ፣

ለኅዳር ጽዮን እንኳን አደረሰዎት። በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ያላችሁ ሰዎች በሃንጋሪ በኩል እንድታወሩ ያደረገ እግዚአብሔር ሥራው ግሩም ነው።

ጠይቄአታለሁ። ያለችውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

«እማዬ፣ ጋሼ ዛፍሽ ላይ ገመድ ማሰር ይፈልጋል።»

«የቱ ጋሼ?»

«ወንድምሽ።»

«እሱ ዛፍ የለውም እንዴ?»

«አለው። ሁለት ነው የሚያስፈልገው።»

«እሱ ሁልጊዜ ሁለት ነው የሚያስፈልገው። የራሱና የሰው።»

ስለ ፈቃዱ ነገርኳት፤ ስለ ጥር 22 ነገርኳት። ከዚያ ሽቦው ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። ሁለት እኩል ግማሽ እንደሆነ፣ ከመሀሉ ገመድ እንደሚወርድ አስረዳኋት። እኩል የሚለውን ቃል ስትሰማ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ማን ነው እኩል ይሁን ያለው?»

«ሳይንስ ነው።»

«ሳይንስ ደህና ሰው ነው። እንግዲያው ንገረው። ያ የሽቦው መሀል የአባባ ጉቶ ላይ ይውረድ። ግማሹ ወደ እሱ፣ ግማሹ ወደ እኔ። ይህን ካደረገ ዛፌ ላይ ይሰር፣ ከፈለገም ቅርፊቱን ይላጥ።»

ጋሼ፣ የሽቦው መሀል ከየትኛው መሬት በላይ ቢውል ለሬዲዮዋ ደንታዋ አይደለም። ስለዚህ እሺ ይበሉ። ጉቶው ላይ ይውረድ።

ኪሩቤል

*

ጎባ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኪሩቤል፣

ለገና እንኳን አደረሰህ። ደብዳቤህ የደረሰው ለበዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፣ ጊዜ የለንም። ስለዚህ ይህን ማሜ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል። ማሜ ሮቤ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው ነው። ደብዳቤውን ያነበዋል፤ በመሆኑም ስለ እሱ ክፉ ነገር አልጽፍም።

ሽቦውን ከእሱ ገዛሁ። በብረት ሜትሩ ሃያ ከዐሥራ አራት ለካ፣ እንደ ደንቡ መረቀልኝና ቆረጠ። በዓሉ ሳይገባ እንስቀለው ብለን አብሮኝ በሚኒባስ ጎባ መጣ። ከዚያ ባሕር ዛፉ ላይ ማን ይውጣ ሆነ። እናትህ ከደጇ ቆማ፣ «ማሜ፣ እሱ ዛፌ ላይ እግሩን አያነሳም በለው» አለች። ከእኔ እስከ እሷ አራት እርምጃ ነው። ማሜ በሃምሳ ዓመቱ ጫማውን አውልቆ ወጣ። ገመዱን በቅርንጫፉ ላይ አሳልፎ ጫፉን ለእናትህ ጣለላት። የእኔን ጫፍ እኔ በጥዱ ላይ ይዣለሁ።

መሀሉ ከአጥሩ በላይ ሲደርስ፣ «በቃ፣ እዚህ ነው» አልኩ። አጥሩ ነው ወሰኑ። እናትህ ገመዷን ለቀቅ አደረገች። መሀሉ ወደ እኔ፣ ወደ ጉቶው ተንሸራተተ። እኔም የእኔን ለቀቅ አደረግሁ። መሀሉ ወደ እሷ ተመለሰ።

«ማሜ፣ በላት፣ ትሳብ።»

«አዴ ማናልበሽ፣ ይሳቡ ይላሉ» አላት ለእናትህ።

«ማሜ፣ በለው፣ መሀሉ ጉቶው ላይ እስኪደርስ የማላላው እንጂ የምስበው የለኝም።»

«ኦቦ ኃይለየሱስ፣ አልስብም ይላሉ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

«ከሰሙ እኔ እዚህ ቅርንጫፍ ላይ ምን እሠራለሁ? ያ ረቢ! እኔ ሽቦ ሻጭ ነኝ፣ ስልክ አይደለሁም!»

እሷ አላላች፣ እኔ አላላሁ። እሷ አላላች፣ እኔ አላላሁ። በሌላ አገር ሰው በገመድ ሲጣላ ይሳሳባል አሉ፤ እኛ ተለቃቀቅን። በመጨረሻ መሀሉ መሬት ነካ። የጀሪካኑን ፕላስቲክ ፍየሏ ቀመሰችው። የሽቦው አንዱ ጎን እናትህ ባሰጣችው አንሶላ ላይ ተኝቶ ከነማስጫው ጣለው። ያን ጊዜ የተናገረችውን ማሜ እንኳ አላስተላለፈም።

በኋላ ትንሽ ከፍ ብሎ ታስሯል። አሁን ግን ሌላ ችግር አለ። ሽቦው ለየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚስማማ የምታሳየው፣ ከሬዲዮዋ ጋር የላክሃት ትንሿ መለኪያ 7 ነጥብ 1 ላይ መርፌዋ ቀይ ትገባለች። ቁጥሩን ወደ ታች እያወረድኩ ስሞክር 6 ነጥብ 86 ላይ ነው መርፌዋ የምትተኛው። እዚያ መናገር አይፈቀድልኝም። ሬዲዮዋም እዚያ አትናገርም።

ገመዱ አሁንም በየቀኑ እየላላ ነው። የእኔን ያላላሁት እኔ አይደለሁም። ነፋስ ነው።

አጎትህ ኃይለየሱስ

*

ቡዳፔስት፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. (በማሜ ስልክ የተላከ)

ለጋሼ ኃይለየሱስ፣

እንኳን ለበዓለ ጥምቀቱ በሰላም ያድርስዎት። ማሜ፣ አንተም ሰላም ነህ? ስለ ዛፉ አመሰግናለሁ።

ሽቦውን ሳላየው ልንገርዎት። 143 ለ6 ነጥብ 86 ሲካፈል 20 ሜትር ከ85 ሳንቲም ይመጣል። የታዘዘው 20 ከ14 ነበር። ስለዚህ ሽቦዎ 71 ሳንቲም ይረዝማል። አንድ ሰው ግማሽ ላይ የማይገባው ትርፍ ሽቦ አለ።

ማን ጋ እንደሆነ አላውቅም። እማዬን ጠየቅኋት። ገመዷን አውርዳ በልብስ ስፌት ሜትሯ ለካች። 10 ሜትር ከ7። ከዚያ ማዶ ካሉት ጎረቤቷ ከእትዬ ረቢያ ጋር ሆና በምስክር ፊት ደገመችው። አሁንም 10 ሜትር ከ7። «አንድ ክንድ ከምናምን ትርፍ ማን ጋ እንደሚገኝ እኔን አትጠይቀኝ» ብላለች።

ሁለተኛው ነገር መላላቱ ነው። ሽቦው ዝቅ ሲል ድምፅዎ ሽቅብ ወጥቶ ይቀራል፤ እንኳን ቡዳፔስት እኔ ዘንድ ሊደርስ። ከፍ ብሎ፣ ተወጥሮ መቆም አለበት። ነፋስ ቋጠሮ አይፈታም፣ ጋሼ። አርባ ዓመት የጎባ ነፋስ የእማዬን ማስጫ ገመድ ፈትቶ አያውቅም፤ ሽቦዎ እስኪወድቅበት ድረስ።

ጥር 22 ቀን በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጥሩኝ። ሰሞኑን ፀሐይ ለእናንተም ለእኛም በአንድ ጊዜ ነው የምትጠልቀው፤ ለዚህ ማዕበል ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። ተቆጣጣሪው እንዲቆዩ ይለምኗቸው። እኔ ከሥራ ወጥቼ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የሬዲዮ ክበባችን ሰዎችም ሊያዳምጡ ይመጣሉ፤ «አጎቴ ባሌ ተራራ ላይ ጣቢያ አለው» እያልኩ ዓመት ሙሉ ነግሬአቸው አሁን እንደ ተረት ነው የሚሰሙኝ።

ኪሩቤል

*

ጎባ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. (በማሜ ስልክ የተላከ)

ይድረስ ለኪሩቤል፣

ከታቦቱ በረከት ያካፍልህ።

ለካሁ። የእኔ ግማሽ 10 ሜትር ከ78 ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። ማሜ ሃያ ከዐሥራ አራት ከለካ በኋላ ምራቂ ጨምሮልኛል። በልኩ ብቻ ቆርጦ የሚሰጥ ነጋዴ ሮቤም ጎባም የለም፤ ቢኖርም ሁለተኛ አይሄዱበትም። ሽቦውን ለሁለት ስቆርጠው የእናትህን አስቀድሜ በልኩ ሰጠኋት። ምራቂው ለገዛው ሰው ነውና የእኔው ጋ ቀረ። አንተ በሒሳብህ ውስጥ ስለ ምራቂ አልጻፍክልኝም።

ማሜን ጠርቼ፣ «ምራቂህ ሬዲዮዬን ሊያቃጥል ነው፣ ልቆርጠው ነው» አልኩት።

«ወላሂ አይቆረጥም! በረካ ነው። እሱን ሲቆርጡ የእኔን ሱቅ ነው የሚቆርጡት።»

«ሳይንስ ነው ያዘዘው።»

«ሳይንስ ሮቤ መጥቶ ዕቃ ገዝቶ ያውቃል?»

በመጨረሻ ተስማማን። ይቆረጥ፤ ነገር ግን አይጣል። ቁራጩን የትም ማድረግ ስላልቻልኩ አጥሩ ላይ አንጠልጥዬው ገባሁ። በማግስቱ የለም። ባሻገር ስመለከት የእናትህ ማስጫ ገመድ የተበጠሰበት ቦታ በማሜ ሽቦ ተቀጥሏል። ነፋስ መሆን አለበት የወሰደው።

መርፌዋ አሁን 7 ነጥብ 1 ላይ ትተኛለች። ልክ ብለሃል።

የእኔንም ገመድ ጠበቅ አድርጌዋለሁ። በዚህ ምክንያት መሀሉ ወደ እኔ መጥቶ ጉቶው ላይ ውሏል። ይህን ያደረግሁት ለአንቴናው ነው። ስለ መሬት የተናገርኩት የለም። እናትህ ወጥታ ሽቅብ አየች፣ ጉቶውን አየች፣ ገባች። የእሷ ወገን ግን አሁንም ተልፈስፍሷል። በእኔ በኩል ሽቦው ቀጥ ብሎ የቆመ ሽማግሌ ነው፤ በእሷ በኩል እርጥብ ልብስ ነው።

ሂድና ንገራት እንዳትለኝ። መጀመሪያ ማን ይናገር የሚለው ገና አልተወሰነም።

አጎትህ ኃይለየሱስ

*

ቡዳፔስት፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ኃይለየሱስ፣

እንደምን አደሩ? ትናንት ተነጋግረን ዛሬ ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምዎት። እርስዎ ከማይክሮፎኑ በዚያ በኩል ስለነበሩ በዚህ በኩል የሆነውን አላዩም። ተጽፎ ይቀመጥ።

ክበቡ ውስጥ ስድስት ሰው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ የሰማነው ጫጫታ ብቻ ነው። አንዱ ኮቱን መልበስ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ከጫጫታው ሥር እንደ ወጥ ድስት የሚንተከተክ ድምፅ መጣ። ሕጉ እንደሚያዘው የጥሪ ስምዎን ሦስት ጊዜ ጠሩ። ከዚያ ሕጉ ያላዘዘውን፣ «ቡዳፔስት! ቡዳፔስት! ጎባ ይፈልግዎታል፣ አይዝጉ!» አሉ። ድምፅዎ ልክ ማዞሪያ ላይ እንደነበሩበት ዘመን ነው። ሰውዬው ኮቱን አወለቀ።

መለስኩልዎት። ድምፄ እዚያ ምን ያህል ደክሞ እንደሚሰማ ያወቅሁት ተቆጣጣሪው ከኋላዎ ሲናገሩ ነው።

«ይኼ ሰው ነው ዝናብ?»

«የእኅቴ ልጅ ነው» አሏቸው።

«እኔ የሰማሁት ዝናብ ነው። ዝናብ ላይ ፊርማ አልፈርምም። የመጨረሻው የሮቤ ሚኒባስም ሊሄድብኝ ነው።»

ማይክሮፎኑን ተጭነው እንደያዙ ነበሩ። ከእርስዎ ወንበር እስከ አጥሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ከዚያ ጮኹ።

«ኪሩቤል! ለእናትህ ደውል! ገመዷ ላልቷል በላት!»

የክበቡ ሰዎች ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። ቴክኒካዊ ነገር ነው አልኳቸው። በግራ ጆሮዬ ሬዲዮውን፣ በቀኝ ጆሮዬ ስልኩን ይዤ ደወልኩ። በአንድ ጥሪ አነሳችው።

«እማዬ፣ ጋሼ ገመድሽ ላልቷል ይላል።»

«ሰምቼዋለሁ። አንተ ከቡዳፔስት ልትነግረኝ ነው? ጎባ በሙሉ ሰምቶታል።»

«ፈቃዱ ሊወሰድ ነው።»

ስልኩ መሬት ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። የዶሮ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የቅርንጫፍ መንቋቋት፣ ከዚያ እማዬ ከባድ ነገር ስታነሳ የምታወጣት ያቺን ትንፋሽ። ዓይኔ ሬዲዮዬ ላይ ነበር። የእኔም ሬዲዮ የመጣውን ድምፅ ጉልበት የምታሳይ መርፌ አላት። ሁለት ላይ ነበረች። ሦስት ሆነች። አራትን አልፋ ስድስት ላይ ቆመች። ጫጫታው ከድምፅዎ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተገፈፈ። አሳንሰር አሥራ አንድ ዓመት ጠግኛለሁ፤ አንድ ሰው እዚያ ገመድ ሲስብ እዚህ መርፌ ስትነሳ ግን አይቼ አላውቅም።

የእኔም ድምፅ እዚያ ጠርቶ ሳይሰማ አልቀረም፤ ምክንያቱም ተቆጣጣሪው «እ! አሁን ሰው ሆነ» ሲሉ ሰማኋቸው። ስሜን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። የት ነው ያለኸው አሉኝ፣ ነገርኳቸው። እዚያ ብርድ ነው ወይ አሉኝ። እንደ ጎባ ነው አልኳቸው። ከዚያ የማኅተሙ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ የበሩ፣ ከዚያ ወደ ሚኒባሱ የሚሮጥ ሰው ጫማ። ክበቡ ውስጥ ስድስቱም አጨበጨቡ። ፈቃድዎ ጸንቷል፣ ጋሼ። እንኳን ደስ አለዎት።

እማዬ ስልኩን መልሳ አነሳች። ታለከልካለች።

«ፈረሙለት?»

«ፈረሙ።»

«መሀሉ ጉቶውን ለቆ አጥሩ ላይ ሄዷል። አይቼዋለሁ። ስለ መሬት የተናገርኩት የለም።»

«እሺ።»

«ደግሞ ንገረው፣ እኔ አልሳብኩም። ነፋስ ነው።»

በሬዲዮው ነገርኩዎት። «እማዬ አልሳብኩም፣ ነፋስ ነው ትላለች» አልኩ። ክበቡ ውስጥ ያሉት ጻፉት፤ የጎባ የአየር ሁኔታ መስሏቸው ነው።

መለሱልኝ።

«እዚህ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ግን ይሁን። ነፋሱ ቋጠሮውን ጠበቅ አድርጎ ይሰረው በላት።»

ልነግራት ወደ ስልኩ ስዞር እሷ በአጥሩ በኩል ሰምታዎት ኖሮ ዘግታዋለች። ቋጠሮ ሁለት እጅ ይፈልጋል።

የእኅትዎ ልጅ ኪሩቤል